መልካም ሥራ ሲያታክት፦ ሳያቋርጡ ለመቀጠል

«ባንዝልም በጊዜው እናጭዳለንና መልካም ሥራን ለመሥራት አንታክት» ይላል ሐዋርያው ጳውሎስ ለገላትያ ሰዎች (6፥9)። መዛልና መታከት አንድ አይደሉም። መዛል የጉልበት ነው፤ መታከት የልብ። መድኃኒታቸውም ስለሚለያይ፣ በጎ ሥራችሁ መክበድ ሲጀምር መጀመሪያ የትኛው እንደያዛችሁ ለዩ። እንቅልፍ ጠግባችሁ፣ በልታችሁ ስትነሡ ሥራው ከቀለላችሁ ዝላችሁ ነበር። አርፋችሁም የምትረዱትን ሰው በር ማንኳኳት ከከበዳችሁ ግን ታክታችኋል።

ለዛለ ሰው ምክር አይበዛበትም። ኤልያስ ከዛፍ ሥር ሆኖ ሞቱን በለመነ ጊዜ (1ኛ ነገሥት 19) መልአኩ አልገሠጸውም፤ ሁለት ጊዜ ቀስቅሶ አበላው፣ በመካከሉም ነቢዩ ተመልሶ ተኛ። አዲሱ ተልእኮ የተነገረው በልቶ፣ ጠጥቶ፣ ኮሬብ ከደረሰ በኋላ ነው። ስለዚህ በደከማችሁበት ሳምንት «ልተወው ወይስ ልቀጥል» ብላችሁ አትወስኑ። ተኙ፣ ብሉ፣ ውሳኔውን ቢያንስ 7 ቀን አሳድሩት።

መታከት ግን ብዙውን ጊዜ የሚዘራው ገና ቃል ሲገባ ነው። ልብ ሲሞቅ ቃል ይበዛል። «ከእንግዲህ ሕመምተኞችን እጠይቃለሁ» የሚለው ሐሳብ ማንን፣ መቼ፣ ለምን ያህል ጊዜ እንደሆነ ስለማይናገር ሳይፈጸም ይቀራል፤ ከዚያ ሕሊናን መውቀስ ብቻ ይሆናል ሥራው። ይልቅ አንድ ሰው፣ አንድ ቀን፣ አንድ ሰዓት ምረጡ፦ ብቻቸውን የሚኖሩ አንዲት እናት፣ ዘወትር ረቡዕ፣ ከ11 ሰዓት እስከ 11 ሰዓት ተኩል። መጠኑን በደግ ሳምንታችሁ አትለኩት፤ በክፉው ለኩት። ልጅ ታሞ፣ ሥራ በዝቶ፣ እጅ አጥሮም ልትፈጽሙት የምትችሉት ስንት ነው? ግማሽ ሰዓት ከሆነ ቃላችሁ ግማሽ ሰዓት ይሁን። ጊዜ ሲተርፋችሁ ጨምሩ፤ የጨመራችሁትን ግን ቃል አታድርጉት፤ በሚቀጥለው ሳምንት ስትቀንሱ ያጎደላችሁ ይመስላችኋል። የመጀመሪያው ቃል ለ3 ወር ይሁን። ሲያበቃ ጸልያችሁ ወይ ታድሱታላችሁ፣ ወይ ለሌላ ታስረክባላችሁ።

ለገንዘብም ይኸው ነው። ጳውሎስ የቆሮንቶስ ሰዎች ለኢየሩሳሌም ምእመናን የሚሆነውን መዋጮ በየሳምንቱ መጀመሪያ ቀን፣ እያንዳንዱ እንደ ገቢው እንዲያስቀምጡ አዘዘ (1ኛ ቆሮንቶስ 16፥2)። እነርሱ ፈቃዱን ካሳዩ ዓመት ሞልቶት ነበርና በሁለተኛው መልእክቱ የጀመሩትን ካላቸው ላይ እንዲፈጽሙ ማሳሰብ ግድ ሆነበት (8፥10-12)። በጎ ፈቃድ ጥሩ ጅማሬ ነው፤ ብሩን ግን ከሌላው ወጪ በፊት ለይታችሁ ካላስቀመጣችሁት አይገኝም።

ብቻችሁን አትያዙት። አማቱ ዮቶር ሙሴን ከጥዋት እስከ ማታ ሲፈርድ አይቶ፣ አንተም ሕዝቡም ትደክማላችሁ አለውና የሺህ፣ የመቶ፣ የአምሳና የአሥር አለቆች አሾመው (ዘፀአት 18)። ልብ በሉ፤ የሚደክመው ረዳቱ ብቻ አይደለም፣ ተረጂውም ነው። ስለዚህ በእናንተ ፋንታ የሚሄድ አንድ ሰው በመጀመሪያው ወር ውስጥ ይዛችሁ ሂዱና አስተዋውቁ። ታማችሁ ከወደቃችሁ በኋላ የሚፈለግ ተተኪ አይገኝም፤ ቢገኝም ለሚጠብቁት ሰው እንግዳ ነው።

የማንን ሸክም እንደያዛችሁም መርምሩ። ገላትያ 6 በቁጥር 2 አንዱ የሌላውን ሸክም እንዲሸከም ያዛል፤ በቁጥር 5 ደግሞ እያንዳንዱ የራሱን ሸክም ይሸከማል ይላል። አይጋጭም። የመጀመሪያው ሰውን ብቻውን የሚያደቅቀው ነው፤ ሁለተኛው ለእያንዳንዱ የተሰጠው ድርሻ። «ይህን ራሱ ሊያደርገው ይችላል?» ብላችሁ ጠይቁ። የሚችል ከሆነ አብራችሁት አድርጉ እንጂ አታድርጉለት። የሰጣችሁት ገንዘብ ላልሆነ ነገር ከዋለ መርዳቱን ከማቆም በፊት መንገዱን ለውጡ፤ ኪራዩን ለአከራዩ ክፈሉ፣ መድኃኒቱን ገዝታችሁ ስጡ። ዛቻ ወይም ዱላ ካለ ግን ሌላ ጉዳይ ነው። በዚያ ቤት መቆየት ጽናት አይባልም፤ ውጡ፣ ለምታምኑት ሰው ንገሩ፣ ጸሎታችሁን ከሩቅ ቀጥሉ።

ምስጋና ሲቀር ልብ ይቀዘቅዛል፤ ይህን መካድ አይጠቅምም። ከነጹት 10 ለምጻሞች ሊያመሰግን የተመለሰው 1 ነበር (ሉቃስ 17)፤ ጌታ ዘጠኙ የት እንዳሉ ጠየቀ፣ ፈውሳቸውን ግን አልነጠቀም። በሩን ከማንኳኳታችሁ በፊት የሰውየውን ስም ጠርታችሁ «ጌታ ሆይ፣ ይህን ለአንተ አደርገዋለሁ» በሉ። ማስታወሻ የምትይዙ ከሆነ ቀኑንና በሚቀጥለው ጊዜ የሚያስፈልገውን ብቻ ጻፉ። ስንት ጊዜ እንደሄዳችሁ አትቁጠሩ፤ የተቆጠረ ውለታ ወዲያው ዕዳ ይሆናል።

ደክሞት ሳይሆን አፍሮ የሚያቋርጥ ሰው አለ። አንድ ረቡዕ ይቀራል፣ ምክንያት ሲያዘጋጅ ሁለተኛው ያልፋል፣ ከዚያ ፊት ማሳየት ይከብደዋል። የቀራችሁ ዕለት ማታውኑ ደውሉ፦ «ዛሬ ቀርቻለሁ፣ ይቅርታ። ረቡዕ እመጣለሁ።» ከዚህ የረዘመ ምክንያት አያስፈልግም። በሚቀጥለው ሳምንት የቀረውን ለማካካስ እጥፍ አትሥሩ፤ የተለመደውን ግማሽ ሰዓት ብቻ ቆዩ። ሁለት ተከታታይ ጊዜ ከቀራችሁ ቃሉ ከብዷልና በየ15 ቀኑ አድርጉት፣ ለውጡንም ለሚጠብቋችሁ ሰው በግልጽ ንገሩ። ሦስተኛውም ከቀረ ለተተኪያችሁ አስረክቡ፤ የመጨረሻውን ቀን ግን ሁለታችሁም አብራችሁ ሂዱ።