ግሩፕ፣ አንግሩፕ፣ ሴሌክት፦ የህትመት ፋይል የሚያበላሹ ስህተቶች

ደሴ ላይ የተሠራ የሠርግ ካርድ ወይም የሱቅ ባነር በአንድ ሰው እጅ ላያልቅ ይችላል። ፒያሳ ያለው ዲዛይነር ይጀምረዋል። ደንበኛው ስልክ ቁጥር ያስቀይራል። ፋይሉ በቴሌግራም ኮምቦልቻ ሲደርስ ደግሞ ህትመት ቤቱ መጠኑን ያስተካክላል። ታዲያ ፋይሉን የሚከፍት ሁሉ የትኛው ከየትኛው ጋር እንደሚንቀሳቀስ ሳይጨነቅ ማወቅ አለበት። ግሩፕ የሚደረገው፣ ማለትም ቁራጮቹ አብረው እንዲንቀሳቀሱ የሚታሰሩት፣ ለዚህ ነው። በችኮላ የሚበላሸውም እዚሁ ላይ ነው።

አንዱን ለማስተካከል ሁሉንም አንግሩፕ ማድረግ

በእኔ እምነት ከሁሉም የከፋው ይሄ ነው። ደንበኛው "የሎጎው ቅጠል ቀለሙ ይቀየር" ይላል። ዲዛይነሩ ግሩፑን ለመፍታት (አንግሩፕ ለማድረግ) ኮንትሮል፣ ሺፍት እና ጂን ደጋግሞ ይጫናል። ቅጠሉ ይቀየራል፤ ሎጎው ግን ብትንትኑ ይወጣል። በኋላ ትንሽ ገፋ ሲያደርጉት ግማሹ እዚያው ይቀራል። ኢለስትሬተር (እንደ ኮርል ድሮው እና ኢንክስኬፕ ያለ የዲዛይን ፕሮግራም) ላይ ደግሞ ጥላው ወይም ትራንስፓረንሲው (አሳላፊነቱ) የተሰጠው ለግሩፑ ከሆነ፣ አንግሩፕ ሲደረግ አብሮ ይጠፋል። እንደገና ግሩፕ ማድረግ አይመልሰውም።

ግሩፑን ሳትፈቱ ወደ ውስጥ ግቡ። ኢለስትሬተር ላይ በጥቁሩ ቀስት ሁለቴ ክሊክ አድርጉት። ሌላው ሁሉ ይደበዝዛል፤ ብትነኩትም አይንቀሳቀስም። አይሶሌሽን ሞድ የሚባለው ይሄ ነው። ኢንክስኬፕ ላይም ሁለቴ ክሊክ ወደ ግሩፑ ያስገባል። ኮርል ድሮው ላይ ኮንትሮልን ተጭናችሁ የምትፈልጉትን ቁራጭ ብቻ ክሊክ ማድረግ ይበቃል።

ከግሩፑ ሳይወጡ ሥራ መቀጠል

አይሶሌሽን ሞድ ውስጥ ሆናችሁ የምትጨምሩት ሁሉ የዚያ ግሩፕ አካል ይሆናል። ሎጎው ውስጥ እንዳላችሁ ስልክ ቁጥር ጻፋችሁ እንበል። ባነሩ ላይ ምንም ችግር አይታይም። ሎጎውን ለቲሸርት ኮፒ ስታደርጉት ግን ስልክ ቁጥሩ ተከትሎ ይመጣል። ስትጨርሱ ኢስኬፕ ተጫኑ። የደበዘዘው ሁሉ ወደ ቀለሙ መመለሱንም አረጋግጡ።

የፊደሉን ዓይን መድፈን

ፋይል ከመላኩ በፊት ጽሑፉን ወደ አውትላይን፣ ማለትም ፎንት ወደማያስፈልገው ቅርጽ፣ መቀየር ተገቢ ነው። የተጠቀማችሁበት የግዕዝ ፎንት ህትመት ቤቱ ኮምፒውተር ላይ ላይኖር ይችላል። ጣጣው የሚመጣው ከዚያ በኋላ፣ ፊደሎቹን ለያይቶ ለማስተካከል ሲሞከር ነው። ዓይን (መሃሉ ላይ ክፍት ቀዳዳ) ያለው ፊደል የውጭና የውስጥ መስመር አለው። ኮርል ላይ ኮንትሮል እና ኬ ስትጫኑ፣ ኢለስትሬተር ላይ ደግሞ ኮምፓውንድ ፓዙን (ሁለቱን መስመሮች እንደ አንድ ቅርጽ የያዘውን) ስትፈቱ፣ ሁለቱ ይነጣጠላሉ። የውስጡም በዚያው ቀለም ይሞላል። የ"መ" ሁለት ክቦች ይደፈናሉ። "ደሴ" ብላችሁ ስትጽፉ "ሴ" እግር ላይ ያለችው ቀለበት ድፍን ነጥብ ትሆናለች። በትልቅ ባነር ላይ ይሄ ያስቆጫል።

ብዙዎች ቁራጮቹን ግሩፕ በማድረግ ሊመልሱት ይሞክራሉ። ግሩፕ አብሮ ያንቀሳቅሳል እንጂ ዓይን አይከፍትም። የፊደሉን ቁራጮች መርጣችሁ ኮርል ላይ ኮንትሮል እና ኤል፣ ኢለስትሬተር ላይ ኮንትሮል እና 8 ተጫኑ። የቃሉን ፊደሎች ግሩፕ ማድረግ ከዚህ በኋላ ነው።

ሁሉም ፕሮግራም በአንድ ዓይነት መንገድ ይመርጣል ብሎ ማሰብ

ማውሱን ጎትታችሁ ሳጥን ስትሠሩ ኢለስትሬተር ሳጥኑ የነካውን ሁሉ ይመርጣል። ኮርል እና ኢንክስኬፕ ግን ሙሉ በሙሉ ሳጥኑ ውስጥ የገባውን ብቻ ነው የሚወስዱት። ከኮርል ወደ ኢለስትሬተር የዞረ ሰው ባክግራውንዱን ሳያስበው የሚያንቀሳቅሰው በዚህ ምክንያት ነው። ባክግራውንዱን መጀመሪያውኑ በኮንትሮል እና 2 ቆልፉት።

ሌየር ሳያዩ ግሩፕ ማድረግ

ኢለስትሬተር ላይ ከተለያየ ሌየር (የፋይሉ ንብርብር) ያሉ ነገሮችን ግሩፕ ካደረጋችሁ፣ ሁሉም ከላይኛው ዕቃ ጋር ወደ አንድ ሌየር ይሄዳሉ። ለስቲከር ሥራ ይሄ ከባድ ነው። የፕሎተሩን (የስቲከር መቁረጫ ማሽኑን) መቁረጫ መስመር ለብቻው ሌየር ላይ አስቀምጣችሁት ከሆነ ከሥዕሉ ጋር ይቀላቀላል። የመቁረጫውን መስመር ከሥዕሉ ጋር ጨርሶ ግሩፕ አታድርጉት።

ተመሳሳይ ቀለም አንድ በአንድ መልቀም

ኢለስትሬተር ሴሌክት የሚለው ሜኑ ውስጥ ሴም፣ ከዚያም ፊል ከለር የሚል አለው። ተመሳሳይ ቀለም የተሞላውን ሁሉ በአንዴ ይመርጥላችኋል። ጊዜ ይቆጥባል፤ ግን የተቆለፈውንና የተደበቀውን አይነካም። የሱቁ አረንጓዴ ወደ ሰማያዊ ተቀየረ ስትሉ አንድ የተቆለፈ ጥግ አረንጓዴ ሆኖ ይታተማል። ስለዚህ መጀመሪያ ኮንትሮል፣ አልት እና 2 ተጭናችሁ የተቆለፈውን ሁሉ ክፈቱ። በኮንትሮል፣ አልት እና 3 ደግሞ የተደበቀውን አውጡ። ቀለሙን ከዚያ በኋላ ምረጡ።