በቱቦ የሚመገብ ልጅ ደጋግሞ ሲያስመልስ፦ ወላጆች ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

በአፍንጫው ወይም በሆዱ በኩል በገባ ቱቦ የሚመገብ ልጅ ባለበት ቤት ትውከት እንግዳ ነገር አይደለም። አንሶላ ይታጠባል፣ ልብስ ይቀየራል፣ ሌሊት ተነስቶ ምግብ እንደገና ይለካል። ሴሬብራል ፓልሲ ወይም ሌላ ከባድ የአእምሮ ጉዳት ያለባቸው ብዙ ልጆች ጨጓራቸው ምግብን ቀስ ብሎ ነው ወደ አንጀት የሚያሳልፈው። የጨጓራቸው የላይኛው በር ጡንቻም በደንብ አይዘጋም። ስለዚህ ልጁ የሚያስመልሰው እናቱ ስላላወቀችበት አይደለም። ይህን አስቀድሜ የምለው ብዙ እናቶች ራሳቸውን ሲወቅሱ ስለምሰማ ነው።

ያም ሆኖ ትውከቱን የሚያብሱ፣ አንዳንዴም ልጁን ለአደጋ የሚያጋልጡ ልማዶች አሉ። አብዛኞቹ ከፍቅርና ከድካም የሚመጡ ናቸው። አንድ በአንድ እንያቸው።

«እሱ እንዲህ ነው፣ ለምዶበታል» ማለት

ከሁሉም የሚከፋው ይኸኛው ነው። ልጁ ለወራት ሲያስመልስ ከቆየ ቤተሰቡ፣ አንዳንዴም ሐኪሙ፣ ትውከቱን እንደ ልጁ ጠባይ ይቆጥሩታል። አዲስ በሽታ ግን በዚያው በትውከት ሊገለጥ ይችላል። የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን፣ የጆሮ ሕመም፣ ሳንባ ምች፣ የአንጀት መዘጋት፣ ሁሉም ያስመልሳሉ። መናገር የማይችል ልጅ «እዚህ ጋ ነው የሚያመኝ» አይላችሁም። ስለዚህ ልጁ ባስመለሰ ቁጥር «ዛሬ ከወትሮው ምን ተለየ?» ብላችሁ ራሳችሁን ጠይቁ።

በአገራችን ስፓይና ቢፊዳ (የአከርካሪ ክፍተት) እና ሃይድሮሴፋለስ (ጭንቅላት ውስጥ ፈሳሽ መጠራቀም) ያለባቸው ልጆች ጥቂት አይደሉም፤ ብዙዎቹም ከጭንቅላታቸው ፈሳሽ የሚያወርድ ሻንት የሚባል ቱቦ ተገጥሞላቸዋል። እንዲህ ያለ ልጅ በተለይ ጠዋት ጠዋት ማስመለስ ከጀመረ፣ እንቅልፍ እንቅልፍ ካለው፣ ያለ ወትሮው ከተነጫነጨ ወይም ዓይኖቹ ወደ ታች ካዘቀዘቁ ሻንቱ ተዘግቶ ሊሆን ይችላል። ለነገ የሚባል ነገር አይደለም፤ በዚያው ሰዓት ወደ ሆስፒታል ውሰዱት። ለረጅም ጊዜ ፕሬድኒሶሎን ወይም ሃይድሮኮርቲሶን የሚወስድ ልጅም እንደዚሁ ነው። መድኃኒቱን ደጋግሞ ካስመለሰው ሰውነቱ በድንገት ሊዝልና ሕይወቱ አደጋ ላይ ሊወድቅ ይችላል።

ለየትኛውም ልጅ ምግቡን አቁማችሁ ወደ ድንገተኛ ክፍል የምትሮጡባቸው ምልክቶች እነዚህ ናቸው፦ አረንጓዴ ትውከት፣ ደም ወይም የቡና አተላ የመሰለ ትውከት፣ የተነፋና የጠጠረ ሆድ፣ የትንፋሽ ማጠር፣ መዝለፍለፍ፣ ለ8 ሰዓት ያህል ሽንት አለመሽናት።

በስሪንጅ ገፍቶ ቶሎ መጨረስ

ቤት ውስጥ ሌላ ልጅ አለ፣ ድስት ተጥዷል፣ የሥራ ሰዓት ደርሷል። እና ምግቡ በስሪንጅ ተገፍቶ በ5 ደቂቃ ያልቃል። ጨጓራው በድንገት ይወጠርና ምግቡ ተመልሶ ይመጣል።

የስሪንጁን መግፊያ አውጥታችሁ ምግቡ በራሱ ክብደት እንዲወርድ አድርጉ። አንድ ምግብ ቢያንስ 20 ወይም 30 ደቂቃ ቢፈጅ ጥሩ ነው። ልጁ አሁንም ካስመለሰ ወደ 45 ደቂቃ ወይም 1 ሰዓት ማራዘም፣ መጠኑን ቀንሶ ቶሎ ቶሎ መስጠት፣ ወይም በፓምፕ ሌሊቱን ቀስ እያለ እንዲገባ ማድረግ ይቻላል። የቱ እንደሚሻል ከሐኪሙ ወይም ከምግብ ባለሙያው ጋር ወስኑ።

የቱቦው ጫፍ ጨጓራን አልፎ ትንሹ አንጀት ውስጥ ከሆነ ጉዳዩ ሌላ ነው። አንጀት እንደ ጨጓራ ምግብ የሚያጠራቅም ከረጢት የለውም። በዚያ ቱቦ በአንድ ጊዜ ብዙ ምግብ ፈጽሞ አይሰጥም፤ በፓምፕ ቀስ ብሎ ብቻ ነው የሚገባው።

አየሩን ጨጓራ ውስጥ መተው

ልጁ ሲያለቅስ፣ ሲያስለው፣ ምራቁን ሲውጥ አየርም ይውጣል። በሆዱ ላይ ቱቦ ላለው ልጅ መፍትሔው ቀላል ነው። ከምግብ በፊትና በኋላ መግፊያው የወጣለት የ60 ሚሊ ሊትር ስሪንጅ ቱቦው ላይ ሰክታችሁ ከሆዱ ከፍ አድርጋችሁ ያዙት። አየሩ እየተንቦጨቦጨ ይወጣል። ምግብ አብሮ ከወጣ ራሱ ተመልሶ እንዲወርድ ጠብቁት።

ትውከት እንዳይመለስ በቀዶ ሕክምና የጨጓራው የላይኛ ጫፍ በምግብ ቧንቧው ታችኛ ክፍል ዙሪያ የተሰፋለት ልጅ ካለ ይህን በተለይ አትርሱ። እንዲህ ያለ ልጅ ማስመለስም ማግሳትም ሊያቅተው ይችላል። ወደ ላይ ወደ ላይ እያለው ምንም አይወጣለትም፤ ፊቱ ይቀላል፣ ያልበዋል፣ ሆዱ ይነፋል። ቱቦውን ከፍታችሁ አየሩን ስታወጡለት ብዙ ጊዜ ወዲያው ይቀለዋል።

አንጋሎ መመገብ

ከወገብ በላይ ከ30 እስከ 45 ዲግሪ ቀና ይበል። ካበቃም በኋላ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት እንዲሁ ይቆይ። ራሱን ብቻ በትራስ ማንሳት አይበቃም፤ አንገቱ ይታጠፍና ሆዱ ይጨመቃል። ዳይፐር መቀየርና ፊዚዮቴራፒ ከምግብ በፊት ይለቅ።

ቱቦው የት እንዳለ ሳያዩ ምግብ መቀጠል

በአፍንጫ የገባ ቱቦ በኃይለኛ ትውከት ወይም በሳል ከቦታው ሊወጣ ይችላል። አንዳንዴ አፍ ውስጥ ተጠምዝዞ ይገኛል፣ ከባሰም ወደ አየር ቧንቧ ይገባል። በዚያ ላይ ምግብ መስጠት ሳንባ ውስጥ ማፍሰስ ነው። ልጁ ካስመለሰ በኋላ አፍንጫው ጋ ያለውን ምልክት አመሳክሩ፣ አፉን ከፍታችሁ እዩ። ከቱቦው የተሳበው ፈሳሽ አሲድ በሚለካ የፒኤች ወረቀት ሲለካ 5.5 ወይም ከዚያ በታች ሊሆን ይገባል። የጨጓራ አሲድ የሚቀንሰውን ኦሜፕራዞል የሚወስድ ልጅ ቁጥሩ ከፍ ሊል ስለሚችል ለእሱ ምን እንደምታደርጉ አስቀድማችሁ ጠይቁ። አየር ነፍቶ በማዳመጫ ሆድን ማድመጥ አሁንም በብዙ ቦታ ይሠራበታል፤ አስተማማኝ ግን አይደለም። ከተጠራጠራችሁ አትመግቡት።

በሆድ በኩል የገባ ቱቦም ይንቀሳቀሳል። ጫፉ ላይ ያለችው በውኃ የተሞላች ፊኛ በአንጀት እንቅስቃሴ ተስባ የጨጓራውን መውጫ ልትደፍነው ትችላለች። ደህና የነበረ ልጅ በድንገት የሰጣችሁትን ሁሉ መመለስ ከጀመረ ይህን ጠርጥሩ። ከቆዳው ውጪ የቀረው ቱቦ ከትናንቱ አጥሯል? የሴንቲ ሜትር ምልክቱ ተለውጧል? በተለይ በትክክለኛው ቱቦ ፋንታ ፎሌ ካቴተር (ለሽንት የሚያገለግል ባለ ፊኛ ቱቦ) የገባለት ልጅ ለዚህ የበለጠ የተጋለጠ ነው፤ ፎሌው ቆዳው ላይ የሚያስቀረው መያዣ የለውም። አንጀቱ ድረስ በገባ ቱቦ የሚመገብ ልጅ ደግሞ ትውከቱ ውስጥ ወተት ከታየ ቱቦው ወደ ጨጓራ ተመልሶ ሊሆን ይችላልና በራጅ ይታይ።

በራስ ውሳኔ ምግቡን መለወጥ

ትውከቱ ሲበዛ ፎርሙላውን በውኃ ማቅጠን ብዙ ሰው የሚሞክረው ነገር ነው። ልጁ የሚያስመልሰው ያንኑ ያህል ሊሆን ይችላል፤ የሚያገኘው ምግብ ግን ይቀንሳል። ውኃው ሲበዛም የደሙ ጨው ሊወርድና ሊያንቀጠቅጠው ይችላል። አወፍራለሁ ብሎ ወፍራም አጥሚት ማስገባት ደግሞ ቱቦውን ይደፍነዋል። የአብሽ ውኃም ሲቆይ ይወፍራል። ፌጦና ጤና አዳም የመሳሰሉትን የአዋቂ ሆድ ይችላቸው ይሆናል፤ የታመመ ልጅ ጨጓራ ላይ ግን አትሞክሯቸው። የተበጠበጠ ፎርሙላ ደግሞ ከፓምፑ ጋር ተሰቅሎ ከ4 ሰዓት በላይ አይቆይ፤ ይበላሻል።

ስለ ጸበል በአክብሮት አንድ ነገር ልበል። መዋጥ ለማይችል ልጅ ጸበል በአፉ ማጠጣት ወደ ሳንባው እንዲገባ ማድረግ ነው። ለካህኑ ሁኔታውን ንገሯቸው። መረጨትም፣ ግንባርና ከንፈርን መቀባትም አለ።

ብዙ የማይነሳው ነገር ደግሞ ከመጠን በላይ መመገብ ነው። የማይራመድና ብዙ የማይንቀሳቀስ ልጅ ከእኩዮቹ ያነሰ ኃይል ሊበቃው ይችላል። አያት «ከሳብኝ» ሲሉ ይጨመርለታል፣ የተጨመረው ይመለሳል። መጠኑን የሚወስነው ሚዛን ነው፤ ልጁን በየጊዜው አስመዝኑት። ፎርሙላው ከላም ወተት የተሠራ ከሆነና ሽፍታ ወይም ሰገራው ላይ ደም ካለ፣ አለርጂ እንደሆነ ለማየት ሐኪሙ ለ2 ወይም 4 ሳምንት ሌላ ፎርሙላ ሊያዝ ይችላል።

ሰገራን መርሳት

ሁላችንም ላይ ላዩን እናያለን። የታችኛው አንጀት ከደረቀና ከሞላ ግን የላይኛውም አይወርድም። ልጁ ከ3 ቀን በላይ ካልተጸዳዳ ወይም የሚወጣው እንደ በግ በጠጥ ከሆነ ለሐኪሙ ንገሩ። የሆድ ድርቀቱ ሲታከም ትውከቱ በግልጽ የቀነሰላቸው ልጆች ብዙ ናቸው።

ፕላዚልን እንደ ከረሜላ መስጠት

ፕላዚል፣ ማለትም ሜቶክሎፕራማይድ፣ በየቤቱ አለ። የአውሮፓ የመድኃኒቶች ኤጀንሲ እ.ኤ.አ. በ2013 ከ1 ዓመት በታች ላሉ ሕፃናት እንዳይሰጥ፣ ለሌሎችም ከ5 ቀን በላይ እንዳይወሰድ ወስኗል። ምክንያቱ ነርቭ ላይ የሚያመጣው ጉዳት ነው። አንገት ይጣመማል፣ ዓይን ወደ ላይ ይሰቀላል፣ መንጋጋ ይቆለፋል። የሚጥል በሽታ ያለበት ልጅ ላይ ይህ ሲታይ ቤተሰቡ «መጣበት» ብሎ ያስባል፣ የሚጥል በሽታ መድኃኒቱም ይጨመራል። ጥፋቱ የፕላዚሉ እንደሆነ ማንም አይጠረጥርም። ስለዚህ እንዲህ ያለ ነገር ካያችሁ ምን ምን እንደወሰደ መጀመሪያ ንገሩ።

ኦሜፕራዞልም አሲዱን እንጂ ትውከቱን አይቀንስም። ቃጠሎውን ያስታግሳል፤ የሚመለሰው መጠን ግን ያው ነው። ለወራት ያለ ክትትል ከሚቀጥል «እስከ መቼ?» ብላችሁ ጠይቁ።

ያስመለሰውን መድኃኒት በግምት መድገም

በተለይ የሚጥል በሽታ መድኃኒት። ከደገማችሁት ሊበዛበት፣ ከተዋችሁት ሊጥለው ይችላል። መልሱ መድኃኒቱ ከገባ ስንት ደቂቃ ሆነው በሚለው ይወሰናል፤ ለእያንዳንዱ መድኃኒት ሐኪሙ አስቀድሞ በጽሑፍ ይስጣችሁ። ቀስ ብለው እንዲሟሙ የተሠሩ እንክብሎችን ደግሞ ሳትጠይቁ አትፍጩ።

ባዶ እጅ ሐኪም ዘንድ መሄድ

«ብዙ ያስመልሳል» ለሐኪም ምንም አይነግረውም። ለአንድ ሳምንት ጻፉ፦ ሰዓቱ፣ ከምግቡ ስንት ደቂቃ በኋላ እንደሆነ፣ ቀለሙ፣ መጠኑ፣ ልጁ ተኝቶ ነበር ወይስ ተቀምጦ፣ ሰገራው፣ መድኃኒቱ። መጠኑን ለመገመት አንድ የሾርባ ማንኪያ ውኃ፣ 15 ሚሊ ሊትር መሆኑ ነው፣ ጨርቅ ላይ አፍስሱና እርጥበቱ ምን ያህል እንደሚሰፋ እዩ። ወደ ላይ ሲለውም በስልካችሁ ቅረጹት፤ ሐኪሙ ቪዲዮውን አይቶ መናድ ይሁን ማቅለሽለሽ ሊለይ ይችላል።

አሜሪካ ያላችሁ ቤተሰቦች ትልቁን ልጃችሁን አስተርጓሚ አድርጋችሁ አትውሰዱ። የፌዴራል ገንዘብ የሚያገኝ ሆስፒታል በሕግ ነፃ አስተርጓሚ ማቅረብ አለበት። ቀጠሮ ስትይዙ «የአማርኛ አስተርጓሚ» በሉ።

የልጁ መረጃም በአንድ ሰው ራስ ውስጥ ብቻ አይኑር። እናት ስትታመም ወይም ሥራ ስትሄድ ሌላው ቤተሰብ ግራ ይጋባል። አንድ ወረቀት ግድግዳ ላይ ለጥፉ፤ የቱቦው ዓይነትና ቁጥር፣ ፊኛው ውስጥ ያለው ውኃ መጠን፣ መጨረሻ የተቀየረበት ቀን፣ ከቆዳው ውጪ ያለው ርዝመት፣ የምግቡ መጠንና ፍጥነት፣ መድኃኒቶቹ፣ የድንገተኛ ምልክቶቹና የምትደውሉበት ስልክ ይጻፉበት። ፎቶውንም ሁሉም ተንከባካቢ ስልኩ ላይ ይያዘው።