ወዳጅ ለመጠየቅ ድሬዳዋ ሲሄዱ፦ ስለ መብሉና ስለ መጠጡ

ወዳጅ ለመጠየቅ ወደ ድሬዳዋ የሚሄድ ሰው ከምግቡ ዓይነት አስቀድሞ የከተማዋን ሰዓት ማወቅ ይኖርበታል። ድሬዳዋ ከባሕር ጠለል በላይ በ1,200 ሜትር ገደማ ላይ የምትገኝ ቆላ ከተማ ስለሆነች፣ ቀትር ላይ ሱቁ ይዘጋል፣ ሰዉም ወደ ቤቱ ገብቶ ጋደም ይላል፤ ጎዳናው ነፍስ የሚዘራው ከ9 እና ከ10 ሰዓት በኋላ ነው። ረፋዱን ተኝቶ በ7 ሰዓት ምግብ ቤት ፍለጋ የሚወጣ እንግዳ ራሱም በሙቀት ይንገላታል፣ ዕረፍቱን ያቋረጠውን ወዳጁንም ያንገላታል። ስለዚህ ጠዋቱን ውጭ፣ ቀትሩን ቤት፣ ማታውን ደግሞ ከወዳጅ ጋር ውጭ መመገብ ለሁሉም ይበጃል።

ጠዋት 1 ሰዓት ላይ፣ ፀሐይ ሳይበረታ፣ ወደ መጋላ ወይም ወደ ከዚራ ሠፈር ወጥተው ፈጢራ ይብሉ። ሠሪው በዘይት የራሰውን ሊጥ ጠረጴዛው ላይ እየዳመጠና እየሳበ፣ ከሥር ያለው ገበታ እስኪታይ ድረስ ያሳሳዋል፤ እንቁላሉን መሐሉ ላይ አፍስሶ አራቱን ጠርዝ ያጥፈውና በጋለው ብረት ላይ ያገላብጠዋል። ትኩሱን በማር መብላት ነው፤ ከቀዘቀዘ በኋላ ግን ጣዕሙ ግማሽ ነው። ጨው ያለው ቁርስ ለሚመርጥ ሰው ፉል በቲማቲም፣ በሽንኩርትና በቃሪያ ይቀርብለታል። እነዚህ ምግቦች እዚህ ቤተኛ የሆኑት በምክንያት ነው፤ ከተማዋ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1902 የጅቡቲው የባቡር ሐዲድ ሲደርስ የተቆረቆረች ስትሆን፣ ዐረቡም ሶማሌውም ግሪኩም ከኦሮሞውና ከአማራው ጋር ማዕድ ሲጋራ የኖረባት ናት።

ምሳ የወዳጅዎ ቤት ወግ ነው፤ በዚህ ጊዜ ምግብ ቤት ካልወሰድኋችሁ ብሎ መሟገት አክብሮት መስሎ ቅር ያሰኛል። ነገር ግን ከመሄድዎ በፊት በስልክ ሊነጋገሩበት የሚገባ አንድ ጉዳይ አለ፤ እርሱም የሥጋ ነገር ነው። በድሬዳዋ ክርስቲያኑና ሙስሊሙ አጥር ለአጥር ተጎራብቶ፣ በሠርግና በለቅሶ ሳይለያይ ይኖራል፤ ሥጋው ግን የየራሱ ነው። እርስዎና ወዳጅዎ በሃይማኖት ከተለያያችሁ፣ «ለእኔ ሽሮና አትክልት ይበቃኛል» ብሎ አስቀድሞ መናገር የቤቱን እመቤት ከጭንቀት ያድናታል፤ ረቡዕና ዓርብ የሚጾም እንግዳም እንዲሁ ቀኑን ያስታውቅ። በረመዳን የሚሄድ ሰው ደግሞ በቀን ሙስሊም ወዳጁ ፊት አይብላ፤ ማታ ለማፍጠር ከተጠራ በሰዓቱ ይገኝ፤ ተምሩ፣ ሾርባውና ሳምቡሳው የሚቀርቡት አዛን እንደተሰማ ነውና።

ባዶ እጅ መሄድ አይገባም። ከደጋ የሚሄዱ ሰዎች ቅቤ መያዝ ይወዳሉ፤ በዚያ ሙቀት ቀልጦ ሻንጣ እንዳያበላሽ ክዳኑ በደንብ በሚገጥም ዕቃ ይያዝ። ዳቦ ቆሎና በሶ ግን ያለ ስጋት ይደርሳሉ።

መጠጥን በተመለከተ፣ ከሁሉ በፊት ውኃ ነው። ጥማት እስኪሰማ ሳይጠብቁ፣ ከቤት ሲወጡ የታሸገ ውኃ መያዝ ያስፈልጋል። የግመል ወተት ሲቀርብልዎ መቅመስ መልካም ነው፤ ሆኖም ጥሬ ወተት በሽታ ሊያስተላልፍ ስለሚችል የተፈላውን ይጠይቁ፤ ያልለመደ ሆድ ስለሚያስቸግርም በትንሹ ይጀምሩ።

ከምሳ በኋላ ብዙ ቤት በርጫ ይቀመጣል። ጫት የማይቅሙ ከሆነ በቀጥታ መናገር ነውር የለውም፤ ሻይዎን ይዘው ጨዋታውን መካፈል ይችላሉ። ልብ ሊሉት የሚገባው ግን ጫት የምግብ ፍላጎት ስለሚዘጋ የቃሚዎቹ እራት በጣም ሊዘገይ መቻሉ ነው፤ እርስዎ ምሳዎን በሚገባ ይብሉ፣ አመሻሹ ላይም ከገበያ የገዙትን ፓፓያ ወይም ማንጎ ይዘው ይግቡ።

ማታ አየሩ ቀለል ሲል ወዳጅዎን የሚጋብዙበት ጊዜ ነው። ሩዝ በሥጋ ወይም ጥብስ በትልቅ ሳህን አዝዞ በጋራ መብላት ለየብቻ ከማዘዝ ይልቅ ለጨዋታም ለኪስም ይሻላል። ሂሳቡን ከፊታቸው ልክፈል ቢሉ አይተውዎትም፤ ስለዚህ እጅ ለመታጠብ ሲነሱ በዚያው ከፍለው ይመለሱ።

አንድ ቀን ከተረፈ 50 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ ወደምትገኘው ሐረር መውጣት ይገባል። መንገዱ የደንገጎን ተራራ ሽቅብ ስለሚወጣ አየሩ ይቀዘቅዛል፤ ለማታ ሹራብ ያዙ። በግንብ በታጠረው በአሮጌው ከተማ፣ በጀጎል ውስጥ፣ ከቡና ገለፈት በወተት የሚፈላውን ሆጃ፣ ወይም ከቡና ቅጠል የሚፈላውን ቁጢ የሚያቀርብ ቤት ካገኙ አይለፉት፤ የሐረር ቡና ስሙ በዓለም የታወቀ ቢሆንም፣ የአገሬው ሰው ከፍሬው ሌላ ቅጠሉንና ገለፈቱንም እንዴት እንደሚያከብር የሚታየው እዚያ ነው። ሲመለሱ ለድሬዳዋ ወዳጅዎ ቤተሰብ የሐረር ሐልዋ ይግዙ፤ ሲገዙም ቀምሰው ይምረጡ፣ በደንብም ያስጠቅልሉት፣ በመኪናው መስኮት በኩል ፀሐይ ከሚመታው ቦታም ያርቁት።