ተመልካች ስልኩን እንዳያወጣ፦ ልብ የሚሰቅል የፊልም ስክሪፕት እንዴት ይጻፋል?

የመጀመሪያ ስክሪፕቴ 140 ገጽ ነበር። ጓደኞቼን ቤቴ ጠርቼ፣ ቡና አስፈልቼ ማንበብ ጀመርኩ። ገጽ 35 ላይ መብራት ሄደ። ሻማ ስፈልግ ወሬው ወደ ቤት ኪራይ ዞረ። መብራቱ ከሃያ ደቂቃ በኋላ ሲመጣ አንድም ሰው "ከዚያስ?" አላለኝም።

ልጅ ሆነን ተረት ስንሰማ "ከዚያስ?" ማለት የኛ ሥራ ነበር። አያቴ ደግሞ ታውቅበታለች። ጅቡ በሩ ላይ ሲደርስ ብድግ ብላ እሳቱን ትቆሰቁሳለች። እንቅልፍ ከዓይናችን ይጠፋል። ስክሪፕት ላይም ሥራው ይኸው ነው። እንዴት እንደሚሠራ ለማሳየት አንድ ታሪክ እዚሁ ፈጥረን አብረን እንጻፍ።

አንደኛ፦ ታሪኩን በአንድ ትንፋሽ ተናገሩት

ወረቀት ከመያዛችሁ በፊት ታሪኩን ለአንድ ሰው በሁለት ዓረፍተ ነገር ንገሩት። የኛ እንዲህ ይሁን፦ ወይዘሮ ተዋበች የእድር ገንዘብ ያዥ ናት። የእድሩን ገንዘብ ልጇን ዱባይ ለመላክ አውጥታዋለች፤ ጎረቤቷ ጋሽ በቀለ ደግሞ በጠና ታሟል።

ይኸው ነው። ጋሽ በቀለ ከሞተ እድሩ ይጠራል፣ ሒሳብ ይገለጣል፣ ተዋበች ትዋረዳለች። ስለዚህ ሰውዬው እንዳይሞት የምትችለውን ሁሉ ታደርጋለች። ሾርባ ትሠራለች፣ መድኃኒት ትገዛለች፣ ሌሊት ታድራለች። ሰፈሩ "እንዴት ያለች ደግ ሴት!" ይላታል።

እዚህ ላይ "ስለ ስደት ነው"፣ "ስለ እናት ፍቅር ነው" የሚል መልስ አትቀበሉ። እሱ ርዕሰ ጉዳይ ነው፣ ታሪክ አይደለም። ታሪክ የሚሆነው አንድ ሰው አንድ ነገር ፈልጎ፣ የሚከለክለው ነገር ሲመጣ፣ ጊዜውም ሲያጥር ነው። የተዋበች ልጅ የመጀመሪያ ደሞዙን በወር መጨረሻ እልካለሁ ብሏል። ሐኪሙ ደግሞ ለጋሽ በቀለ ቤተሰብ "ወር ከደረሰ ጥሩ ነው" ብሏቸዋል። ሁለቱ ሰዓቶች እየተሽቀዳደሙ ነው።

ሁለተኛ፦ "እንዴት ብሎ?" የሚያሰኘውን ቀዳዳ ድፈኑ

ይህን ታሪክ ለአንድ ወዳጄ ስነግረው ያቋረጠኝ ወዲያው ነው። "የእድር ገንዘብ ባንክ ነው የሚቀመጠው። ብቻዋን እንዴት አወጣችው?" ልክ ነው። ተመልካች አንዴ "እንዴት ብሎ?" ማለት ከጀመረ ታሪኩን ትቶ ሒሳብ ውስጥ ይገባል።

መፍትሔው ቀላል ነበር። ከባንክ አላወጣችም፤ ባንክ አላስገባችም። 80 አባል በየወሩ 200 ብር ያዋጣል። ስድስት ወር ሰብስባ ቤቷ ያስቀረችው 96,000 ብር ነው። ደረሰኙን በወጉ ቆርጣለች። ማንም አልጠረጠረም። እንደዚህ ያለ ትንሽ እውነተኛ ዝርዝር ከብዙ ገጽ ማብራሪያ ይበልጣል። የማታውቁትን ሙያ ከጻፋችሁ የሚያውቀውን ሰው ሻይ ጋብዙ።

ሦስተኛ፦ ምስጢሩን ለማን፣ መቼ እንደምትነግሩ ወስኑ

ትልቁ ውሳኔ ይህ ነው። ብዙ ጀማሪ፣ እኔን ጨምሮ፣ ምስጢሩን እስከ መጨረሻው ደብቆ ተመልካቹን ማስደንገጥ ይወዳል። በዚያ መንገድ ተዋበች አንድ ሰዓት ተኩል ሙሉ ደግ ጎረቤት ሆና ትቆይና በመጨረሻ "ለካ ሌባ ነች!" እንላለን። ድንጋጤው ጥሩ ነው። ግን ከዚያ በፊት የነበረው ሰዓት ሁሉ ሾርባ ነው።

የፊልም ዳይሬክተሩ አልፍሬድ ሂችኮክ ከፈረንሳዊው ዳይሬክተር ፍራንሷ ትሩፎ ጋር ባደረገው ታዋቂ ቃለ ምልልስ ይህን በቦምብ አስረድቶታል። ሁለት ሰዎች ተቀምጠው ሲያወሩ ከጠረጴዛቸው ስር ቦምብ ቢፈነዳ ተመልካች ለ15 ሰከንድ ይደነግጣል። ቦምቡ መቀበሩን ተመልካቹ አስቀድሞ ካወቀና ሰዎቹ ካላወቁ ግን ያው ተራ ወሬ 15 ደቂቃ ልብ ይሰቅላል።

ስለዚህ የተዋበችን ጉድ በመጀመሪያዎቹ አስር ደቂቃዎች ለተመልካች እንንገረው። ለሰፈሩ አንንገር። ከዚያ በኋላ ሾርባው ሾርባ ብቻ አይሆንም። ጋሽ በቀለ በሳለ ቁጥር እኛም እንሳቀቃለን። የሚያስቀውም እዚያው ነው።

ይህ ማለት ሁሉን ዘርግፉ ማለት አይደለም። በ1957 ዓ.ም. የወጣው የመጀመሪያው የአማርኛ ፊልም ርዕሱ ራሱ ጥያቄ ነበር፦ "ሂሩት አባቷ ማነው"። እኛም አንድ ጥያቄ ቆልፈን እንያዝ። ለምሳሌ ጋሽ በቀለ ራሱ ነገሩን ያውቅ ይሆን?

አራተኛ፦ ትዕይንቶቹን በካርድ ላይ ጻፉ

ደብተር ቅደዱና በየቁራጩ አንድ ትዕይንት ጻፉ። አንድ መስመር ይበቃል። ለአንድ ሰዓት ተኩል ፊልም ከ40 እስከ 60 ካርድ ይወጣችኋል። መሬት ላይ ደርድሯቸው። ከዚያ አንዱን አንሱና ደብቁት። ታሪኩ ሳይጎድል ከቀጠለ ያ ካርድ ቅርጫት ውስጥ ይግባ። የምትወዱት ቢሆንም። በተለይ የምትወዱት ከሆነ።

የመጨረሻውን ካርድ ቀድማችሁ ጻፉ። መድረሻውን የማያውቅ ጸሐፊ መሃል ላይ ሠርግ ይደግሳል።

አምስተኛ፦ የመጀመሪያውን ገጽ በድምፅ ወይም በምስል ክፈቱ

መተረክ አይፈቀድላችሁም። "ተዋበች በጣም ተጨንቃለች" ተብሎ የተጻፈን ነገር ካሜራ አይቀርጸውም። የሚታይና የሚሰማ ብቻ ጻፉ። እንዲህ፦

*ውስጥ። የተዋበች መኝታ ቤት። ንጋት።*
*ጨለማ። ከሩቅ የእድር ጡሩምባ ይነፋል። ተዋበች ከአልጋዋ ቀና ትላለች። እስትንፋሷን ይዛ ታዳምጣለች። ጡሩምባው ይቀርባል። ለፋፊው ስም ይጠራል፤ የሌላ ሰው ነው፣ የሌላ እድር ነው። ተዋበች ታማትባለች። ወዲያው በራሷ ታፍራለች፤ ነጠላዋን አፏ ላይ ትይዛለች።*

ለምን እፎይ እንዳለች ገና አልነገርንም። ግን ሰው ሞቶ እፎይ የሚል ሰው አየን። ተመልካች አሁን ይጠብቃል።

ስድስተኛ፦ ዘግይታችሁ ግቡ

ትዕይንትን ከሰላምታው መጀመር የኛ ሰው ስክሪፕት ላይ የከፋ ችግር ነው። በር ይንኳኳል። "ማነው?" "እኔ ነኝ።" "ግቡ፣ ግቡ።" "እንደምን ዋላችሁ?" "ልጆቹ ደህና ናቸው?" "ሻይ ላፍላ?" "ኧረ አልቆይም።" ሁለት ደቂቃ ሄደ። ባህላችን ነው፤ ቤት ውስጥ ያምራል፣ ስክሪን ላይ ግን ይገድላል።

የእድሩ ሰብሳቢ ተዋበች ቤት ከመጣ፣ ትዕይንቱ ሻይው ቀዝቅዞ "ደብተሩን እስቲ አንዴ አምጪው" ሲል ይጀምር። ደብተሩን አቅፋ ስትቆም ይቆረጥ። ምን እንዳለችው አትንገሩን። በሚቀጥለው ትዕይንት ከሁኔታዋ እንረዳዋለን።

ሰባተኛ፦ ሰዎቹ የልባቸውን አይናገሩ

የመጀመሪያ ረቂቅ ላይ ሁሉም ሰው ልቡን ይዘረግፋል፦

*ተዋበች፦ ጋሽ በቀለ፣ እባክዎ አይሙቱብኝ። የእድሩን ገንዘብ ለልጄ አውጥቼዋለሁ። እርስዎ ከሞቱ መዋረዴ ነው።*

ይህ ምልልስ ሳይሆን ኑዛዜ ነው። ያንኑ ነገር ማንኪያ ላይ እናድርገው፦

*በቀለ፦ በቃኝ።*
*ተዋበች፦ አንድ ማንኪያ ብቻ።*
*በቀለ፦ አልወርድ አለኝ እኮ፣ ተዋቡ።*
*ተዋበች፦ ስለ እመብርሃን! ለእኔ ሲሉ።*
*በቀለ፦ (ፈገግ ብሎ) የወለድኳቸው እንኳ እንዲህ አልለመኑኝ።*
*ተዋበች ማንኪያውን ታስቀምጣለች። እንደገና ታነሳዋለች።*

"ለእኔ ሲሉ" የምትለዋ ውሸት አይደለችም። ለዚህ ነው የምትወጋው።

አንድ መፈተሻ አለ። የተናጋሪዎቹን ስም በእጃችሁ ሸፍናችሁ አንብቡ። ማን እንደሚናገር ካልለያችሁ ሁሉም የእናንተን አፍ ነው የሚናገሩት። የሰፈር ሽማግሌና የዱባይ ተጓዥ ወጣት "ችግር የለም" እንኳ እኩል አይሉም።

ስምንተኛ፦ ገጹን በሰዓት ለኩ

ውጭ አገር አንድ ገጽ አንድ ደቂቃ ነው ይባላል። ያ ልኬት ኩሪየር በሚባለው የኮምፒውተር ፊደል ቅርጽ (ፎንት)፣ በ12 መጠን ለሚጻፍ ገጽ የወጣ ነው። ኩሪየር የግዕዝ ፊደል የለውም። ስለዚህ አትመኑት፤ በስልካችሁ ሰዓት ይዛችሁ፣ እንቅስቃሴውን በዓይነ ሕሊናችሁ እያያችሁ፣ ጮክ ብላችሁ አንብቡ። የትዕይንት ርዕስ ሁልጊዜ ሦስት ነገር ይይዛል፦ ውስጥ ወይስ ውጭ፣ የት፣ ቀን ወይስ ማታ።

ዘጠነኛ፦ ሰው ሰብስባችሁ አንብቡ

አራት ሰው ይበቃል። ከአራቱ አንዱ የማይወዳችሁ ቢሆን ይመረጣል። ገጸ ባሕርያቱን አከፋፍሏቸው፣ እናንተ ዝም በሉ። እርሳስ ያዙ። አንዱ ስልኩን ባየ ቁጥር ገጹ ጠርዝ ላይ ነጥብ አድርጉ። አስተያየት አትጠይቁ፤ ሰው በይሉኝታ "አሪፍ ነው" ይላችኋል። ነጥቦቹ ግን ይሉኝታ የላቸውም። ሦስት ነጥብ የተሰበሰበበትን ቦታ ትታችሁ፣ ከሱ በፊት ያለውን ትዕይንት አርሙ። ሰው የሚሰለቸው የሚጠብቀው ነገር ቀደም ብሎ ስላለቀበት ነው።

ከዚያ ገጽ 30 ላይ ስክሪፕቱን ዝጉና "ቡና ላፍላ" ብላችሁ ተነሱ። እኔ የተዋበችን ታሪክ ይዤ ሞክሬዋለሁ። ጀበናውን ሳልጥድ ከሳሎን አንዷ ጮኸች፦ "ቆይ፣ ሰውዬው ያውቃል እንዴ?"