ሸራውን አታንቁት! በጣና ዳር ደጋግሜ ያየኋቸው የሞዴል ጀልባ ስህተቶች

ባለፈው እሑድ ባሕር ዳር፣ አንድ ልጅ ሞዴል ጀልባውን በሁለት እጁ ታቅፎ ወደ ሐይቁ መጣ። ክርስትና የሚያስነሳ ነበር የሚመስለው። ጀልባዋ 65 ሳንቲ ሜትር የምትረዝም ባለ ሸራ ናት፤ አጎቱ ከውጭ ይዞለት የመጣ። ውሃው ላይ አስቀመጣት፣ ሪሞቱን ያዘ፣ ሸራውን እስከ መጨረሻው ሳበው። ጀልባዋ ወደ ጎን ጋደል አለች እንጂ ወደፊት ንቅንቅ አላለችም። ልጁ ወደ እኔ ዞረና፣ «ጋሼ፣ ሞተሩ ደካማ ነው መሰለኝ» አለኝ።

ሞተር የላትም። ውስጧ ያሉት የሪሞቱን ትእዛዝ የሚፈጽሙ ሁለት ትንንሽ አንቀሳቃሾች፣ ሰርቮዎች፣ ናቸው፤ አንዱ የሸራውን ገመድ ይስባል ይለቃል፣ ሌላው መሪውን ያዞራል። የምትሄደው በነፋስ ብቻ ነው። አልሳቅሁበትም። እሺ፣ ትንሽ ስቄያለሁ። ግን ይህንኑ ነገር በዚህ ዓመት ብቻ ስንቴ እንዳየሁት ቆጥሬ አልጨርሰውም፤ ስለዚህ ልጻፈውና ይውጣልኝ።

ሸራውን አጥብቆ መሳብ

የስህተቶች ሁሉ እናት ይቺ ናት። ጀማሪ ሁሉ ጀልባዋ ስትዘገይበት ይስባል። ስትቆምበት ደግሞ ይብስ ይስባል። የበሬ ሞፈር የያዘ ይመስል! ሸራ በጉልበት አይሠራም። ነፋሱ በሸራው በሁለቱም ፊት ተንሸራቶ ሲያልፍ ነው ጀልባዋ ወደፊት የምትሳበው። ሸራው ሲታነቅ ነፋሱ መንሸራተቱን ትቶ በጥፊ ይመታዋል፤ ያኔ ጀልባዋ ወደ ጎን ትጋደማለች እንጂ አትሄድም። ልጁ «ሞተሩ ደካማ ነው» ያለው ይህንን አይቶ ነው።

መድኃኒቱ ቀላል ነው። የጀልባዋን አፍንጫ ወደምትፈልጉት አቅጣጫ አድርጉና ገመዱን ልቀቁ። ልቀቁ ስል በደንብ ልቀቁ። የሸራው የፊት ጠርዝ መርገብገብ ይጀምራል። አሁን ቀስ እያላችሁ ሳቡ፤ መርገብገቡ ያቆመ ቅጽበት እጃችሁም ያቁም። በቃ። አቅጣጫ በቀየራችሁ ቁጥር ይህን ድገሙ። ነፋስ ከጎን ሲሆን ሸራው ግማሽ ያህል ይከፈታል። ነፋስ ከኋላ ሲሆን እንደ በር ወለል ይላል። ወደ ነፋሱ ጠጋ ብላችሁ ስትሄዱ እንኳ የዋናው ሸራ አግዳሚ (የሸራውን ግርጌ የሚይዘው ዘንግ) ጫፍ ከጀልባዋ መሃል መስመር አንድ ጣት ያህል ወጣ ይበል፤ የፊት ሸራው ደግሞ ሁለት ጣት። እነዚህን ልኮች ቤት ውስጥ፣ ጠረጴዛ ላይ፣ ሪሞቱን እስከ መጨረሻው ስባችሁ አስተካክሉ። ያኔ ወደ ነፋሱ ጠጋ ብላችሁ ስትሄዱ እጃችሁ ቢያብድም ሸራው አይታነቅም።

ዓይናችሁን የማታምኑ ከሆነ የድሮ ካሴት ፈልጉ። ውስጡ ያለውን ቡናማ ክር በጣት ርዝመት ቁረጡና ከፊት ጠርዙ ትንሽ ገባ አድርጋችሁ በሸራው በሁለቱም በኩል ለጥፉት። ሁለቱም ወደ ኋላ ቀጥ ብለው ሲፈሱ ልክ ናችሁ። ነፋስ በማይመታው በኩል ያለው ከተዝለፈለፈ አንቃችሁታል፤ ልቀቁ። ነፋስ በሚመታው በኩል ያለው ከተነሳ ደግሞ ትንሽ ሳቡ። እናቴ የወጣትነቷን ካሴት ጀልባ ላይ ስታየው የተናገረችውን እዚህ አልጽፈውም።

ይህ መወጠር ገና ጀልባዋ ስትገጣጠም ነው የሚጀምረው። ሸራውን በአግዳሚው ላይ እንደ ክራር ጅማት የሚወጥሩት አሉ። ሸራ ሆድ ያስፈልገዋል። በአግዳሚውና በሸራው ሆድ መካከል ጣታችሁን ማስገባት ካልቻላችሁ ላሉት። ነፋሱ ሲበረታ ደግሞ ትንሽ ወጠር ታደርጉታላችሁ።

ጠዋት መምጣት

ጠዋት ጣና መስታወት ነው። ወደ ገዳማቱ የሚሄዱ ጀልባዎች ማልደው የሚወጡት ለዚሁ ነው። ለእናንተ ግን መስታወት አይጠቅማችሁም። በበጋ፣ ፀሐይዋ የብሱን ካሞቀችው በኋላ፣ ከቀኑ 8 ሰዓት ገደማ ጀምሮ ከሐይቁ ወደ ከተማው ነፋስ ይነሳል። ያ ነው የእናንተ ነፋስ። ሌላም ጥቅም አለው፤ ባትሪ ቢያልቅባችሁ ነፋሱ ራሱ ጀልባዋን ወደ እግራችሁ ይመልስላችኋል። ጠዋት ከየብስ ወደ ሐይቁ የሚነፍስ ከሆነ ግን ተቃራኒው ነው። ከጎጃም የተነሳች ጀልባ ጎርጎራ ልትወጣ ነው፤ ጎንደር ዘመድ ካላችሁ ደውሉ።

በነገራችን ላይ፣ ከውጭ የሚመጡ መመሪያዎች «ነፋሱ ይህን ያህል ሲሆን ትንሹን ሸራ ቀይሩ» ይላሉ። የተጻፉት ለባሕር ጠረፍ ሰው ነው። እኛ 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነን፤ አየራችን ከባሕር ወለሉ ከመቶ 15 እስከ 20 ያህል የሳሳ ነው። በአንድ ዓይነት ፍጥነት የሚነፍስ ነፋስ እዚህ የሚገፋው በዚያው ልክ ያነሰ ነው። ስለዚህ ትልቁን ሸራ ለመቀየር አትቸኩሉ።

ውሃ የሚገባበትን መናቅ

ይህን የምጽፈው ተጠቅቼ ነው። የመጀመሪያ ጀልባዬን ያወጣሁ ጊዜ የሆዷን ክዳን በጣቴ ተጭኜ «ገጥሟል» አልኩ። ፕላስተር ይለጠፍበት ብሎ የነገረኝ ሰው ነበር፤ ግን ፕላስተሩ ለመልኳ አይሆንም ብዬ ተውኩት። ለመልኳ! ሃያ ደቂቃ ያህል እንደ ንግሥት ሄደች። ከዚያ አፍንጫዋ እየወረደ መጣ። ሪሞቱን ባዞር ባዞር አትሰማም።

ያልሰማችው ለምን እንደሆነ የገባኝ በኋላ ነው። የሪሲቨሩን (የሪሞቱን ምልክት የሚቀበለውን ዕቃ) አንቴና ከታች፣ ከሆዷ ወለል ላይ አጋድሜው ነበር። የአሁኖቹ ሪሞቶች በ2.4 ጊጋኸርዝ ነው የሚሠሩት፤ ይህ ሞገድ ውሃን አይሻገርም። ሆዷ ውሃ ሲጠጣ አንቴናው ሰጠመ፣ አንቴናው ሲሰጥም እኔ እጄን አጣጥፌ ቀረሁ። አንቴናው ከውሃው መስመር በላይ፣ ከክዳኑ ሥር ከፍ ብሎ መለጠፍ አለበት። ሪሲቨሩንም በፊኛ ውስጥ አስገብታችሁ አፉን ብታስሩት አትከስሩም።

ነፋሱ እየከዳ፣ ጀምበር እያዘቀዘቀች፣ ጀልባዬ ግማሽ አካሏ ውሃ ውስጥ ሆኖ ቆመች። ያወጣት በታንኳ ከማጥመድ ሲመለሱ የነበሩ አንድ አባት ናቸው። በአንድ እጃቸው መቅዘፊያቸውን፣ በሌላው ጀልባዬን ይዘው ዳር ደረሱ።

«ልጄ፣ ይች ያንተ ናት?»

«አዎ አባቴ፣ እግዜር ይስጥልኝ።»

ዘቅዝቀው ያዟት። ውሃው እንደ ጆግ ተንዠቀዠቀ። «ሆዷን ሳትደፍን ነው የላክሃት?» አሉኝ። ከዚያ የደንገል ታንኳቸውን ከውሃው ስበው አወጡና እንዲደርቅ አቆሙት። ደንገል ውሃ እየጠጣ ይከብዳል፤ ካላደረቁት ቶሎ ይበሰብሳል። እኔ ደግሞ በዚያው ማታ እርጥቧን ጀልባ ክዳኗን ዘግቼ አልጋ ሥር አስገባኋት። በሳምንቱ ስከፍታት የሰርቮው ሽቦ አረንጓዴ ዝገት አውጥቶ ነበር። ከተጫወታችሁ በኋላ ክዳኑን ክፈቱ፣ በስፖንጅ አድርቁ፣ ክፍቷን አሳድሯት። ለክዳኑ ደግሞ ፕላስተር። የራሳችሁን ፕላስተር ይዛችሁ ኑ፤ ሁሉም ከእኔ ነው የሚበደረው።

እርሳሱን ማቅለል

«ከበደችኝ» ብሎ ከክንፏ ሥር (ክንፍ የምለው ከሆዷ ወደ ውሃው የሚወርደውን ነው) ያለውን የእርሳስ ብረት በቀላል ነገር የቀየረ አንድ ወዳጅ አለኝ። መካኒክ ነው፣ እጁ ወርቅ ነው፣ አልሰማ አለ። በመጀመሪያው ጠንካራ ነፋስ ሸራው ውሃው ላይ ተነጠፈ፤ ተነሺ ቢላት አልነሳ አለች። ያ ክብደት ለጌጥ አይደለም። ዋን ሜትር የሚባሉት የውድድር ጀልባዎች በሕጋቸው ከ4 ኪሎ ማነስ አይችሉም፤ ከዚያ ውስጥ ከ2.2 እስከ 2.5 ኪሎው ክንፉና እርሳሱ ነው። ከግማሽ በላዩ ማለት ነው! ጀልባዋ ስትጋደም መልሶ የሚያቆማት እሱ ነው።

መሪውን ማንገላታት

መሪ ፍሬንም ነው። ግራ ቀኝ ባወዛወዛችሁት ቁጥር ጀልባዋን ትይዟታላችሁ። ቀስ አድርጋችሁ አዙሩ፣ ከዚያ እጃችሁን አንሱ።

እጃችሁን ስታነሱ ራሷ ወደ ነፋሱ እየዞረች የምታስቸግራችሁ ከሆነ ጥፋቱ የመሪው አይደለም። ምሰሶው ወደ ኋላ በዝቶ ጋድሏል። ምሰሶውን ከሚይዙት ገመዶች የፊቱን ትንሽ አሳጥሩ፣ የኋላውን ላላ አድርጉ፣ እንደገና ሞክሩ። ለቀቅ ስትሉ በጣም በቀስታ ብቻ ወደ ነፋሱ የምታዘነብል ጀልባ ጥሩ ጀልባ ናት።

ጀልባዋ ወደ እናንተ ስትመጣ ግራና ቀኝ ይገለበጣል። እኔ ዛሬም አንዳንዴ ይጠፋኛል። አንገቴን ወደ ኋላ አዙሬ ከትከሻዬ በላይ እያየሁ የነዳሁበት ጊዜ አለ፤ መንገደኛው «ይህ ሰውዬ ምን ነካው» እያለ አልፏል። የሚቀለው ዘዴ ይኸውላችሁ፦ ወደ እናንተ ስትመጣ የሪሞቱን ዱላ አፍንጫዋ እንዲሄድ ከምትፈልጉት በተቃራኒ ግፉ። ሳምንት ካደረጋችሁት እጃችሁ ይለምዳል።

ፊት ለፊት ነፋሱ ላይ መሄድ

አይቻልም። የትኛውም ባለ ሸራ ጀልባ አይችልም። ከነፋሱ 45 ዲግሪ ያህል ራቅ ብላችሁ ሂዱ፣ ከዚያ በሌላው ጎን ዙሩ፣ እንደ ዓባይ በረሃ መንገድ እየተጠማዘዛችሁ ውጡ። ስትዞሩ ፍጥነት ይኑራችሁ፤ ያለዚያ አፍንጫዋ ነፋሱ ላይ ተቸክሎ ይቀራል።

የባትሪ ጣጣ

መጀመሪያ ሪሞቱን አብሩ፣ ቀጥሎ ጀልባዋን። ስታጠፉ በተቃራኒው። ያለዚያ ሰርቮው አዛዥ አጥቶ እንደፈለገው ሊጎትት ይችላል፤ ገመድ የሚበጠሰው ያኔ ነው። ቆማ ሳለ ሰርቮው «ዝዝዝ» ካለ ከአቅሙ በላይ እየሳበ ነውና የገመዱን ልክ አስተካክሉ። ባትሪያችሁን የሚበላው እሱ ነው። ለ6 ቮልት የተሠራ ሰርቮ ላይ 7.4 ቮልት ሊፖ ባትሪ በቀጥታ የሚሰካ ሰው ደግሞ ሽታውን ራሱ ያውቀዋል።

ሦስት ነገር ላክል። ዓባይ ከሐይቁ ወደሚወጣበት፣ ወደ ጨራጨራ በኩል አትሂዱ፤ ውሃው ይስባል፣ ጉማሬም ለሪሞት አይታዘዝም። ከጉልበት በታች የሆነ ውሃ ላይም አታውርዷት፤ ክንፏ ጭቃ ይወጋል፣ የደንገል ጉቶም ይይዛታል። ስትያዝባችሁ ደግሞ ሱሪ ሰብስባችሁ አትግቡ፤ የጣና ዳር ቢልሃርዚያ አለበት። ረጅም ዘንግ ያዙ፣ ወይም የቴኒስ ኳስ በዓሣ ማጥመጃ ክር አስራችሁ ከጀልባዋ ባሻገር ወርውሩና ክሩን ላይዋ ላይ አድርጋችሁ ጎትቷት።

ያ ልጅ ሸራውን ሁለት ጣት ሲለቅላት ጀልባዋ ቀጥ ብላ ሄደች። እሱም ደንግጦ መልሶ ሳባት። ቆመች። ለቀቀ፣ ሄደች። ሦስት አራት ጊዜ እንዲህ አደረገና፣ «ጋሼ፣ ታዲያ ሪሞቱ ለምን ይህን ያህል እንድስብ ይፈቅድልኛል?» አለኝ። መልስ አልነበረኝም። የዚህ እሑድ ከ9 ሰዓት በኋላ እዚያው ዳር ላይ አለሁ። ፕላስተር አምጡ፤ የእኔ አልቋል።