ሁለቱን ሚያዝያ 27 በመኪናው ምልክት መለየት

ከጀርባው «አዲስ አበባ፣ ሚያዝያ 27» ብቻ የተጻፈበት ፎቶ እጅዎ ከገባ ዓመቱን በግምት አይሙሉ። ጣሊያን ከተማዋን የያዘው ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ነው፤ ንጉሠ ነገሥቱ የተመለሱት ደግሞ በአምስት ዓመቱ፣ በዚያው ቀን፣ በ1933። በሁለቱም ቀን የወታደር መኪና ወደ ከተማዋ ገብቷል። የአራት ኪሎው ሐውልት የሚዘክረው ሁለተኛውን ነው፤ ስለዚህ ሻጭም ሆነ ፎቶውን በቴሌግራም የሚያዞር ሰው ሁሉንም «የድል ቀን» ይለዋል። ከጀርባ የሚታየውን ሕንጻ አይቶ መለየት ድሮም ከባድ ነበር፤ ብዙው ፒያሳ በ2016 ከፈረሰ ወዲህ ደግሞ ቆሞ ማወዳደሪያው ጥቂት ነው። መኪናው ላይ የተቀባው ምልክት ይሻላል።

መጀመሪያ ፎቶውን በደንብ ስካን ያድርጉ። ስድስት በዘጠኝ ሴንቲ ሜትር በሆነ ፎቶ ላይ የአንድ ካሚዮን ታርጋ አንድ ሚሊ ሜትር ያህል ቢሆን ነው። በ300 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች 300 ነጥብ) ያ አንድ ሚሊ ሜትር 12 ነጥብ ብቻ ይሆናል፤ አምስት አሃዝ ከዚያ አይነበብም። በ1200 ዲፒአይ 47 ነጥብ ያገኛሉ። ምስሉን ሳያበላሽ በሚያስቀምጠው የፋይል ዓይነት፣ በቲፍ፣ ያስቀምጡት፤ ለሌላ ሰው ሲልኩ እንደ ፎቶ ሳይሆን እንደ ፋይል ይላኩ፣ አለበለዚያ ቴሌግራም ጨምቆ ያበላሸዋል። ከጋዜጣ ላይ የተቆረጠ ከሆነ ግን ስካኑን ማሳደግ አይጠቅምም፤ የሚያድገው የማተሚያው ነጠብጣብ ነው።

ቀጥሎ ፎቶው አለመገልበጡን ያረጋግጡ። ኔጋቲቩ በጀርባው ታትሞ ከሆነ ቀኙ ግራ ይሆናል። እንደ ኤ፣ ኤም እና ቲ ያሉት የላቲን ፊደላት ሲገለበጡም ያው ስለሆኑ አያጋልጡም፤ 2፣ 5 ወይም 7 ይፈልጉ።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ቀለሙ ላይ ነው። በዚያ ዘመን ከነበሩት ፊልሞች ኦርቶክሮማቲክ የሚባለው ቀይ ብርሃን አይታየውም፤ ቀዩን ጥቁር፣ ሰማያዊውን ነጣ ያለ አድርጎ ያወጣል። መፈተኛው ፎቶው ውስጥ ያለ ባንዲራ ነው። የኛም የጣሊያንም ባንዲራ አረንጓዴና ቀይ አለበት፤ ቀዩ ከአረንጓዴው እጅግ ጠቁሮ ከታየ ፊልሙ ኦርቶክሮማቲክ ነው ብለው ይነሱ። ባንዲራ ከሌለ ከቀለም ተነስተው ምንም አይደምድሙ።

አሁን ወደ ታርጋው። (ታርጋ፣ ፓራፋንጎ፣ ስፖንዳ፣ ጋቢና፣ ሁሉም ቃል የመጣው ከነዚሁ መኪኖች አገር ነው።) የጣሊያን ጦር ታርጋ ነጭ መደብ ላይ «ሬጂዮ ኤዘርቺቶ»፣ ማለትም ንጉሣዊ ጦር፣ የሚለው በምህጻረ ቃል በቀይ ተጽፎበት ቁጥሩ በጥቁር ይከተላል። አር እና ኢ የሚሉትን ፊደላት ይፈልጉ። ከላይ ባልነው ፊልም ላይ ቀዩም ጥቁር ስለሚሆን ሁሉም አንድ ቀለም መስሎ ቢታይ አይደናገጡ።

ትንንሾቹ የጣሊያን ታንኮች ላይ ሌላ መለያ አለ። አራት ማዕዘን ቅብ የሻምበሉን ማንነት ያሳያል፤ ቀይ አንደኛ፣ ሰማያዊ ሁለተኛ፣ ቢጫ ሦስተኛ፣ አረንጓዴ አራተኛ። በውስጡ የቆሙት ነጫጭ መስመሮች የመቶውን፣ ማለትም በሻምበሉ ሥር ያለውን ክፍል፣ ቁጥር ይነግራሉ። ለእኛ ዋናው ጉዳይ ሥርዓቱ የወጣበት ጊዜ ነው፤ በ1938 እ.ኤ.አ.፣ ማለትም በእኛ 1930 አካባቢ። ስለዚህ ይህ ምልክት ያለበት ታንክ በ1928ቱ ሚያዝያ 27 የተነሳ ሊሆን አይችልም። ሰማያዊው በኦርቶክሮማቲክ ፊልም ነጥቶ ነጮቹን መስመሮች እንደሚውጣቸው ያስታውሱ፤ ባዶ ነጣ ያለ አራት ማዕዘን ካዩ የስካኑን ኮንትራስት ከፍ አድርገው ድጋሚ ይመልከቱ።

የእንግሊዝ ጦር ቁጥር ብዙውን ጊዜ በኮፈኑ ጎንና ጎን ይጻፋል። ከቁጥሩ በፊት ያለው ፊደል የመኪናውን ዓይነት ይነግራል፦ ኤል ካሚዮን፣ ኤም የቤት መኪና፣ ኤፍ ብረት ለበስ፣ ሲ ሞተር ሳይክል፣ ኤ አምቡላንስ። ነገር ግን በ1933 አዲስ አበባ የገባው ጦር በአብዛኛው ከምሥራቅና ከደቡብ አፍሪካ የተውጣጣ ነው፤ ፊደሉ ስላልተገኘ ብቻ «የእንግሊዝ አይደለም» አይበሉ። ፓራፋንጎው ላይ የጦር ክፍሉ ምልክት መኖር በሚገባው ቦታ የተፋቀ ወይም የተቀባ ነገር ካለ የሳንሱር እጅ ሊሆን ይችላል፤ ይህም ፎቶው ለጋዜጣ የተነሳ መሆኑን ይጠቁማል።

መሪው በየት በኩል እንዳለ አይቶ መፍረድ አደገኛ ነው። የእንግሊዞቹ መሪ በቀኝ ነው፤ ግን ላንቻ ሮና ፊያት 634ን የመሳሰሉ የጣሊያን ከባድ ካሚዮኖችም መሪያቸው በቀኝ ነበር። ፎቶው ተገልብጦ ከሆነ ደግሞ ጭራሽ ይምታታል።

ከሁሉ የሚያስቸግረው የተማረከ መኪና ነው። ፊያቱ የጣሊያን ሆኖ ሾፌሩ የእንግሊዝ ወታደር ሊሆን ይችላል። እዚህ ላይ ከሥር ያለውን ሳይሆን ከላይ የተቀባውን ያንብቡ። አሮጌው ቅብ በጸሐይ ደብዝዞ አቧራ ይዟል፤ አዲሱ ጠርዙ ስል ነው፣ ብዙ ጊዜም በእጅ ስለሚቀባ ፊደሉ ይዛባል። ታርጋው ከተነሳ በቦታው ሁለት የብሎን ቀዳዳና ጠቆር ያለ አራት ማዕዘን ይቀራል። ፎቶው የሚመዘገበው በአዲሱ ምልክት ዘመን ነው።

ሲመዘግቡ የታየውንና የተገመተውን አይቀላቅሉ። ለምሳሌ፦ «አዲስ አበባ። ፊያት ካሚዮን፣ የፊት ታርጋው ተነስቷል፣ ኮፈኑ ላይ በእጅ የተቀባ ነጭ ቁጥር አለ፣ የመጨረሻዎቹ ሁለት አሃዞች አይነበቡም። የተማረከ ይመስላል፤ ከሆነ 1933 ወይም ከዚያ በኋላ።» ከጀርባ ያለውን የድሮ ጽሑፍም ስህተት ቢሆን እንኳ እንዳለ ይገልብጡ፤ አይሰርዙት፣ በእስክሪብቶም አይጨምሩበት። የግድ መጻፍ ካለብዎ ለስላሳ እርሳስ፣ ያውም ጠርዙ ላይ።