በጅማ ቤት ውስጥ የባሕር ጌጠኛ ሽሪምፕ ማኖርና መመገብ

የባሕር ጌጠኛ ሽሪምፖችን፣ ማለትም ለውበታቸው በመስታወት ገንዳ (አኳሪየም) የሚያዙትን ባለ ቅርፊት ትንንሽ የባሕር እንስሳት፣ ከባሕር በእጅጉ በራቀችው ጅማ ማኖር የሚያስቸግረው፣ ብዙ ሰው እንደሚገምተው፣ በምግባቸው ምክንያት አይደለም። ሽሪምፕ ጥቂት በልቶ መክረም ይችላል፤ የውሃው ጨው፣ ሙቀት ወይም ንጽሕና በአንድ ሌሊት ሲለዋወጥበት ግን ዓሣ ችሎ የሚያልፈውን እርሱ አይችለውም። ስለዚህ ወደ አመጋገቡ ከመግባቴ በፊት ስለ ውሃው ረዘም አድርጌ እጽፋለሁ።

በየሱቁ የሚሸጠው የአፍዴራ ጨው ለወጥ እንጂ ለአኳሪየም አይሆንም። በባሕር ውሃ ከሚገኘው ጨው በክብደት 85 በመቶ ያህሉ ሶዲየምና ክሎራይድ ቢሆንም፣ ሽሪምፕ ያለ ቀሪዎቹ ማዕድናት ቅርፊቱን ሠርቶ መኖር አይችልም፤ በአንድ ሊትር የባሕር ውሃ ውስጥ 400 ሚሊ ግራም ገደማ ካልሲየምና 1,300 ሚሊ ግራም ገደማ ማግኒዚየም አለ። ይህን ሚዛን ጠብቆ የተዘጋጀውን የአኳሪየም የባሕር ጨው ከውጭ ማስመጣት ግድ ስለሆነ፣ ሽሪምፑን ከመግዛት በፊት ቢያንስ ለስድስት ወር የሚበቃ ጨው ማስቀመጥን እመክራለሁ። ጨው ሲያልቅ ውሃ መቀየር ይቆማል፣ የቀረውም ከዚያ ይከተላል።

ጨው የሚበጠበጠው ሽሪምፑ ባለበት ገንዳ ውስጥ ሳይሆን በተለየ የፕላስቲክ ባልዲ ነው። ለአንድ ሊትር ውሃ ከ35 ግራም ትንሽ ከፍ ያለ ጨው ጨምሮ፣ በአየር ፓምፕ እያንቦጫረቁ አንድ ቀን ካሳደሩ በኋላ፣ የውሃን ጨዋማነት በሚያሳዩት ሃይድሮሜትር ወይም ሬፍራክቶሜትር ሲለካ ጥግግቱ ከንጹሕ ውሃ አንጻር 1.025 ገደማ ማሳየት አለበት። ውሃው በሪቨርስ ኦስሞሲስ፣ ማለትም ውሃን በግፊት በስስ ሽፋን አሳልፎ የሟሙ ነገሮችን በሚያስቀር ማጣሪያ፣ የተጣራ ቢሆን ይመረጣል፤ የቧንቧ ውሃ ክሎሪን ይኖረዋል፣ ከቧንቧውና ከመገጣጠሚያው መዳብም ሊይዝ ይችላል፣ መዳብ ደግሞ በጣም በትንሹም ቢሆን ሽሪምፕን ይገድላል። ጅማ ዝናብ የማይነፍጋት ከተማ በመሆኗ ከጣሪያ የሚወርደውን ውሃ መጠቀም ያጓጓል፤ ይሁን እንጂ ቆርቆሮው በዚንክ የተለበጠ ነው፣ ዚንክም ለሽሪምፕ ከመዳብ ብዙም የማይሻል መርዝ ነው።

ጀማሪዎች አዘውትረው የሚሳሳቱት የተነነውን ውሃ ሲተኩ ነው። ከገንዳው የሚተነው ውሃው ብቻ ነው፤ ጨው አይተንም። መቶ ሊትር ከሚይዝ ገንዳ በሳምንት አምስት ሊትር ቢተን እና በምትኩ ጨዋማ ውሃ ቢጨመር፣ በየሳምንቱ 175 ግራም ጨው ይከማቻል፤ ከአራት ሳምንት በኋላ በሊትር 35 ግራም የነበረው 42 ይደርሳል። የጎደለው የሚሞላው ጨው በሌለው ንጹሕ ውሃ ነው። በመስታወቱ ላይ ውሃው የሚደርስበትን ቦታ በማርከር አስምሮ በየጠዋቱ እስከዚያ መሙላት በቂ ነው። ከዚህ ለይቶ፣ ከውሃው አሥር በመቶውን በሳምንት አንድ ጊዜ ተመሳሳይ ሙቀትና ጨው ባለው አዲስ ውሃ መቀየር ያስፈልጋል።

ጅማ ከባሕር ጠለል በላይ ከ1,700 ሜትር በላይ ከፍ ያለች ስለሆነች የአየሩ ግፊት ዝቅተኛ ነው፤ ውሃው ሊይዝ የሚችለው ኦክስጅንም በባሕር ዳርቻ ከሚይዘው በአምስት አንድ እጅ ገደማ ያንሳል። ስለዚህ የውሃው ገጽ ሁልጊዜ መናወጥ አለበት። ሙቀቱ ከ24 እስከ 26 ዲግሪ መሆን ስላለበትና የኅዳርና የታኅሣሥ ሌሊቶች ስለሚቀዘቅዙ ቴርሞስታት ያለው ማሞቂያ የግድ ነው። መብራት ሲጠፋ በባትሪ የሚሠራ የአየር ፓምፕ ማብራት፣ ገንዳውን ዙሪያውን በጋቢ መጠቅለል፣ መብራቱ እስኪመጣም ምንም ምግብ አለመስጠት ነው። ፓምፑ የክፍሉን አየር ስቦ ወደ ውሃው የሚያስገባ በመሆኑ፣ ቡና ከሚቆላበትና ዕጣን ከሚጨስበት ቦታ ይራቅ፤ የበረሮና የትንኝ መርጫ በሚነፋበት ክፍል ውስጥ ደግሞ ከነጭራሹ አይቀመጥ።

ይህን የተማርኩት ከስሮ ነው። ዓሦች እንዳይዘሉብኝ ብዬ ከአሮጌ አጎበር ቆርጬ ገንዳውን ሸፈንኩ። የአልጋ አጎበር የተነከረበት የትንኝ መድኃኒት ሽሪምፕንም እንደሚገድል አላሰብኩም ነበር። ጠዋት ላይ ጨርቁ ከሚተነው ውሃ ረጥቦ ወደ ውስጥ ሲያንጠባጥብ አገኘሁት፤ ሦስቱም ሽሪምፖች በጎናቸው ተጋድመው እግሮቻቸውን ያንቀጠቅጡ ነበር፣ ዓሦቹ ግን ይዋኙ ነበር። አሁን የምሸፍነው በመስታወት ነው።

ለጀማሪ የምመርጠው ጀርባው ቀይ ሆኖ መሐሉ ላይ ነጭ መስመር ያለውን አጽጂ ሽሪምፕ፣ ሊስማታ አምቦይነንሲስን ነው፤ ረጃጅም ነጭ አንቴናዎቹን እያወዛወዘ ዓሦችን ይጠራና ጥገኛ ተባዮቻቸውን ይለቅምላቸዋል። ደማቁ ቀይ ሊስማታ ዴቤሊዩስ ዓይን አፋር ስለሆነ ጨለም ያለ የድንጋይ ዋሻ ይፈልጋል። ቀይና ነጭ ቀለበት ያለው ስቴኖፐስ ሂስፒደስ በቀይ ባሕርም የሚገኝ ቢሆንም ከመሰሉ ጋር ይጣላል፤ የተጣመሩ ወንድና ሴት ካልተገኙ አንድ ብቻ ይያዝ። የባሕር ኮከብ ብቻ የሚበላውን ሃርለኪን ሽሪምፕ እዚህ ማኖር ረሃብ ላይ መጣል ነው። ላየንፊሽ፣ ትሪገርፊሽና ሆክፊሽ ባሉበት ገንዳ ደግሞ ሽሪምፕ ራሱ ምግብ ይሆናል።

ገንዳው ድንጋይና ማጣሪያ ገብቶለት ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ሳይቆይ፣ ከቆሻሻ የሚመነጩት መርዞች አሞኒያና ናይትራይትም በመለኪያ ዜሮ ሳይሆኑ ሽሪምፕ አይገባበትም። ከአዲስ አበባ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዞ የደረሰ ሽሪምፕ ከእነ ውሃው ወደ ንጹሕ ባልዲ ይገለበጥና፣ ጫፉ በተቋጠረ ቀጭን የአየር ቱቦ የገንዳው ውሃ ጠብ ጠብ እያለ ይጨመርበታል። የባልዲው ውሃ ከአንድ እስከ ሁለት ሰዓት ውስጥ ሦስት እጥፍ ሲሆን ሽሪምፑ ብቻ ይወሰዳል፤ የመጣበት ውሃ ይደፋል።

ወደ ምግቡ ስንመጣ፣ በሳምንት ሦስት ጊዜ ለእያንዳንዱ ሽሪምፕ የምስር ፍሬ የምታህል ቁራሽ ትበቃለች። ዋናው ምግብ በፍሪዘር የበረደ ማይሲስ (ሽሪምፕ የሚመስል በጣም ትንሽ የውሃ እንስሳ) ወይም ለባሕር እንስሳት የተሠራ የሚሰምጥ ደረቅ ምግብ ቢሆን ይመረጣል። ከግልገል ጊቤ የሚመጣውን ቆሮሶ ጨውና ቅመም ሳይነካው ከሥጋው በጥቂቱ ቆርጦ መስጠት ይቻላል፤ የጨዋማ ውሃ እንስሳት የሚያስፈልጓቸው ቅባቶች ስለሚያንሱት ግን አልፎ አልፎ ብቻ ይሁን። የበረደው ምግብ በሲኒ ውሃ ውስጥ ሟሙቶ ይታጠባል፤ መብራት ጠፍቶ ቀልጦ እንደገና የበረደ ከሆነ ይጣላል። መጀመሪያ ለዓሦቹ በገንዳው አንድ ጫፍ ጣል ይደረጋል፤ እነርሱ ወደዚያ ሲጎርፉ የሽሪምፑን ድርሻ በፕላስቲክ ወረንጦ ወደ ዋሻው ማቅረብ ነው። አጽጂው ሽሪምፕ ከለመደ እጅ ላይ ወጥቶ ይነጥቃል፣ ስቴኖፐስ ግን ማታ የገንዳው መብራት ከተዘጋ በኋላ ቢሰጠው ይሻላል። በሁለት ሰዓት ውስጥ ያልተበላው ይወጣል። እንግዳ ሁሉ የዳቦ ፍርፋሪ ሊጥል ስለሚከጅለው፣ ክዳኑ ላይ ከባድ ነገር መጫንም አይከፋም።

አንድ ጠዋት ሽሪምፑ የሞተ መስሎ ቢታይ ከመደንገጥ በፊት ጠጋ ብሎ ማየት ይገባል። ብርሃን የሚያሳልፍ፣ ውስጡ ባዶ የሆነና ራሱ ከጅራቱ በሚጋጠምበት በኩል የተከፈተ ከሆነ፣ በየጥቂት ሳምንቱ የሚጥለው አሮጌ ቅርፊት ነው። ሽሪምፑ አዲሱ ቅርፊት እስኪጠነክር አንድ ሁለት ቀን ይደበቃል፤ በዚያን ጊዜ ድንጋይ ማንሳትም ሆነ ውሃ መቀየር አይገባም። ለቅርፊቱ ተብሎ አዮዲን ለብቻው መጨመሩን አልደግፈውም፤ ውሃው በየጊዜው ከተቀየረ ጨው ውስጥ ያለው ይበቃዋል። ሊስማታዎች ሲያድጉ እያንዳንዳቸው ወንድም ሴትም ስለሚሆኑ፣ ሁለት ካሉ ቅርፊት ከተጣለ በኋላ ሆድ ሥር የታቀፉ አረንጓዴ እንቁላሎች ሊታዩ ይችላሉ። ጫጩቶቹ በሌሊት ይፈለፈላሉ፣ አብዛኛውን ጊዜም እስኪነጋ ዓሦቹ በልተው ይጨርሷቸዋል።